የታችኛዋ እሺ ብላለች

ውሃ ብቻ ቢሆን እንዲያ አልደነግጥም ነበር። ነሐሴ ነው፤ በነሐሴ እኛ ሰፈር የማያፈስ ቤት የለም፤ ሰሃን ደቅነን፣ በግድግዳው ሥር ጆንያ ወትፈን ነው የምናሳልፈው። እኔን ያስደነገጠኝ ውሃው ይዞት የመጣው ነገር ነው። በጓዳው ግድግዳ ሥር ሾልኮ ሲገባ ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል ተንሳፎበታል። አንድ፣ ሁለት፣ ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ያቺን ጽጌረዳ የተከልኳት እኔ ነኝ። ከቤቴ በላይ ባለው ሆቴል ግቢ፣ በታችኛው አጥር በኩል፣ ሁለተኛው መደብ ላይ። አበባው ከመደቡ ተነስቶ ጓዳዬ ከገባ፣ ከዚያ እስከዚህ ያለው ቁልቁለት ሁሉ ውሃ ሆኗል ማለት ነው።

ልጄ ትርንጎ ከውስጥ ክፍል አልጋ ላይ ናት። አሥር ዓመቷ ነው። በዚያው ሳምንት ከካብ ላይ ወድቃ ወጌሻው እግሯን በእንጨት አስሮ፣ እንዳትረግጥ ብሎ አስጠንቅቋታል። እኔም እሷን ላስታምም ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ።

«እማ፣ አበባ ገባ» አለችኝ እየሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። አያ ካሳውን ሰማኋቸው። «ገለባው የሚወጣበትን እይ» ሲሉኝ ልክ አጠገቤ የቆሙ ያህል። ከሞቱ ሦስተኛ ወራቸው ነበር።

አያ ካሳው የዚያ ሆቴል አትክልተኛ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በሥራቸው አረም የምነቅል። እንግዳ ጠፍቶ ከተማችን ጾሟን ያደረችበት ጊዜ አልፎ ሆቴሉ እንደገና ሲከፈት ነው አብረን የገባነው። አጭር ሰው ናቸው። ሲሄዱ ዓይናቸው ከመሬት አይነሳም፤ ሰላም ስትላቸው እንኳ እግርህን አይተው ነው የሚመልሱ። ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ይቆጣሉ፣ ያሠሩትን ያፈርሳሉ፣ ለምስጋና ምላሳቸው አይላላም። አራት ዓመት ሠርቼ «ጎበዝ» ያሉኝ አንድ ቀን የለም።

አበባ ደግሞ አይወዱም። ይህን ስነግረው የሚያምነኝ የለም። አንድ ፈረንጅ በአስጎብኚው በኩል «የትኛውን አበባ ይወዳሉ?» ብሎ ቢያስጠይቃቸው፣ «አንዱንም አልወድ» አሉ። አስጎብኚው አፍሮ «ሁሉንም እወዳለሁ ብለዋል» ብሎ ተረጎመለት። ኋላ እኔ «ታዲያ ምኑን ወደው ነው ቀን ሙሉ የሚለፉ?» ብላቸው፣

«ውሃው ሲሄድ ደስ ይለኛል» አሉኝ። «አበባው የሆቴሉ ነው፤ ውሃው ግን የእግዜር ነው፤ ማለፊያ መንገድ ይሻል።»

እሳቸው ሲጀምሩ የሆቴሉ ጽጌረዳ ቢጫ እየሆነ ይሞት ነበር። ሰው ሁሉ የጠማት መስሎት ያጠጣታል፤ ስታጠጣት ይብስባታል። አያ ካሳው አንዷን ነቅለው ሥሯን አሸተቱና ለእኔ አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ጠቁሯል፣ ይገማል።

«ጠጥታ ጠጥታ ነው የሞተች» አሉ። «ቅጠሏ ጠማኝ ይላል፣ እግሯ ሰምጧል። አበባ ከእግሩ ነው የሚሞት።»

ከዚያ ክንድ ሙሉ ጉድጓድ አስቆፈሩኝና ውሃ ሞላንበት። ጠዋት የሞላነው ከሰዓት ስናየው እንዳለ ነው፤ ደመና ይታይበታል። አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያ ቀዩ ቋጥኝ አለ፤ እንደ ገበቴ ይዞ ያስቀረዋል። አያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉበት ድንጋይ ለአበባ አይመችም። ስለዚህ መደቦቹን ሁሉ አፍርሰን እስከ ጉልበት ከፍ አደረግናቸው፤ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ የተቀላቀለ አፈር። ዙሪያውን በደረቅ ካብ ነው ያሰርነው። እኔ ክፍተቱን በጭቃ ልመርገው ብል እጄን መቱኝ። «ይተንፍስ! ውሃው በየት ይውጣ?» ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ አፈሩን እንዳይደበድበው ሣር አጭደን አለበስነው፤ ረጃጅሙን ዳሊያ በችካል ደገፍነው።

መደብ ሁሉ ግን ያለ ፈሰስ ከንቱ ነው። ፈሰስ ማለት ገበሬው በማሳው ላይ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው የውሃ መሄጃ ነው። ቀጥ ካደረግከው አፈሩን ይዞብህ ይሮጣል፤ ጨርሶ አግድም ካደረግከው ይተኛብሃል። የእሳቸው ፈሰስ በመደቦቹ መሃል እየዞረ፣ በምሥራቅ በኩል ካለው ፈፋ ይወድቅ ነበር። ቁልቁለቱን እንዴት እንደምለካው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጅ አዝለሽ ሳትቸኩዪ የምትወርጂበት ያህል ይሁን። ያቺን ያህል።»

ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ከልብስ ማጠቢያው በረንዳ እንጠለላለን። እሳቸው የማዳበሪያ ከረጢታቸውን እንደ ገሳ አጥፈው ራሳቸው ላይ ደፍተው ያን ጊዜ ነው የሚወጡ። ልብስ አጣቢ አለች፣ ሙሉ የምትባል፤ አፏ አያርፍም፤

«አያ ካሳው፣ ሙሽራዎ መጣችልዎ፤ ይውጡ እንጂ አያስጠብቋት» ትላቸዋለች።

«ሳቂ አንቺ። ውሃን በበጋ አይተሽ አታውቂውም። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ሲሞላለት ነው ጠባዩ የሚታይ።»

ከኪሳቸው እፍኝ ገለባ ያወጡና ከላይኛው ጫፍ ፈሰሱ ላይ ይበትናሉ። «የሺ! ታች ውረጂ፣ የሚወጣበትን እይ!» ይሉኛል። እየበሰበስኩ እሮጣለሁ። ገለባው በፈፋው በኩል ከወጣ ደህና ነው። ሌላ ቦታ ከወጣ፣ የሆነ ጥግ ውሃው ሰርቆ ሄዷል ማለት ነው፤ ያን ቀን ዶማ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ገለባው በሁለት ተከፍሎ ጥቂቱ በታችኛው አጥር ሥር ሲወጣ አየሁና ነገርኳቸው። ትንሽ ነች፣ ምንም አትል ብዬ አቃለልኳት። በዚያ ዝናብ ሄደው ደፍነዋት መጡ። ከዚያ ከግንቡ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ስለ ራሳቸው ሲያወሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ብልባላ፣ የተወለድኩበት፣ የአባታችንን መሬት ከወንድሜ ጋር ተካፍለን ነበር። ላዩ የእኔ፣ ታቹ የእሱ። በእኛ አገር ፈሰስ የሚያወጣ ሰው የታችኛውን ባለማሳ ይጠራዋል። አብረው ቆመው ያዩታል። የታችኛው እሺ ካለ ይወጣል። ያን ክረምት ወንድሜ ገበያ ሄዶ ነበር፤ እኔ ቸኮልኩ፤ ወንድሜ አይደል፣ ምን ይለኛል ብዬ ሳልጠራው አወጣሁት። ጤፉን ከመሃል ሰንጥቆ ከነአፈሩ ወሰደው።»

«ከሰሰዎት?»

«ምነው በከሰሰኝ። ዳኛ ፊት እንኳ ቢሆን ድምፁን እሰማ ነበር። ሲያየኝ መንገድ እየለወጠ ኖሮ ሞተ። ቀበርኩት። ታረቅን አይባልም።»

ይህን የነገሩኝ ለእኔ ነው። ለሙሉ አይደለም፣ ለዘበኛው አይደለም፣ ለእኔ። ስለዚህ ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳላውቅ አደረግሁት ማለት አልችልም።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በመጋቢት ግቢውን ሲዞር ከፈሰሱ ላይ ቆመ።

«አያ ካሳው፣ እንግዳ በሩን ሲከፍት የሚያየው ቦይ ነው። ሆቴሉን የገበሬ ማሳ አስመሰሉት። ይህ ይደፈን፣ መደቡም ዝቅ ብሎ ይስተካከል። ለውሃው በአጥሩ ሥር ቱቦ እናስገባለታለን፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል።»

«ቀጥ ብሎ የት?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ታች ሰው አለ።»

«ውሃ መቼም ወደ ላይ አይሄድ፣ አያ ካሳው።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ዶማውን ተደግፈው የወጉን ነገር አንድ በአንድ ነገሩት። «የታችኛው ይጠራና ይይ። እሺ ካለ እኔው ራሴ እቆፍርልሃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት ነው የሰማቸው። «ታዲያ ታች ያለው ማነው?» ብሎ ዞር አለ።

«የሺ ናታ!» አለች ሙሉ፣ ቀልድ መስሏት። «ጎረቤትዎ ናት፣ ጌታዬ፤ ቤቷ ከአጥሩ ሥር ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጄ እስከ ክንዴ ጭቃ ነው። «የሺ፣ ይከፋሻል?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርኩ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ቆይቷል። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ቤቴን አልነበረም፤ ይህ ሰውዬ ቢቀየመኝ የት እገባለሁ የሚለውን ነው። ፍርሃት የሩቁን አያሳይም፤ የቆመብህን ሰው ብቻ ነው የሚያሳይህ።

«ምን ይከፋኛል ጌታዬ» አልኩ። «እሺ።»

«ይኸው» አለ እጁን ዘርግቶ። «የታችኛዋ እሺ ብላለች።»

አያ ካሳው እንደ ልማዳቸው እግሬን አዩ። ያን ቀን ግን ቀስ ብለው ቀና አሉና ፊቴን አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ከዚያ የዶማቸውን ጭቃ ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ መትተው አራገፉ፣ በሣር ጠረጉት፣ ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«እሺ ካለች እኔ ምን አለኝ» አሉ። በዚያው በበሩ ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ።

ፈሰሱን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ያንኑ ያስካቡኝን ድንጋይ እየናድኩ ሞላሁበት። መደቡን ዝቅ አድርጌ ደለደልኩት፤ እውነትም ያምር ነበር። ሥራ አስኪያጁ የእሳቸውን ቦታ ለእኔ ሰጠኝ። ሙሉ «እሰይ፣ አለቃ ሆንሽ» ብላ አቀፈችኝ። ያቺን ቀይ ጽጌረዳ የተከልኩት ያን ሰሞን ነው።

በሚያዝያ አንድ እሑድ፣ ከቤቴ ጀርባ የዶማ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ አያ ካሳው ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ልጅሽ የምትተኛው በየት በኩል ነው?»

«በዚህ፣ በመስኮቱ በኩል።»

«እንግዲያ ከዚህ በላይ ነው የምንጀምር።» ከቤቴ ጎን በስተ ምዕራብ፣ ወደ እሳቸው ቤት የሚወስደው የእግር መንገድ ካለበት ቋጥኝ ሥር ጀምረው፣ በልጄ መኝታ ጀርባ አዙረው እየቆፈሩ መጡ። አፈሩን በታች በኩል እየከመሩ እንደ ድልድል ይረግጡታል። ያስላቸዋል። እየቆሙ ይስላሉ፣ እንደገና ይቆፍራሉ።

የእኔ ዓይን ላዩ ላይ ነው፣ ከሆቴሉ አጥር። የአጥሩ ዘበኛ ብቅ ብሎ አየን። ሄዶ እንደሚናገር አወቅሁ፤ እሺ ያለችው ሴትዮ ጓሮዋን ታስቆፍራለች ብሎ።

«አያ፣ ይተዉት» አልኳቸው። «ሰው ያየናል።»

«ይይ። አፈር ነው የምቆፍር፣ ሬሳ አልደብቅ።»

«እንጀራዬን ያሳጡኛል፣ አያ። በእመቤቴ ይተዉት።»

ዶማውን አቆሙት። ቦዩ የልጄን መኝታ አልፎ ጓዳው ጥግ ደርሷል፤ ፈፋው ጋ ሊደርስ ገና ያንኑ ያህል ይቀረዋል።

«እዚህ ላይ ካቆምኩት ውሃውን ጓዳሽ ላይ ነው የሚጥለው፤ ይገባሻል?»

«ይሁን» አልኩ። «ይሂዱ ብቻ።»

እንግዲህ እሺ ያልኩት ሁለት ጊዜ ነው። ለጌታውም፣ ለባለ ዶማውም። ውሃ እንኳ ልስጥዎ አላልኳቸው። ሲሄዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተናገሩኝ፦

«ውሃው የመጣ ቀን በበሩ እንዳትወጪ። በሩ ወደ ታች ነው የሚያይ፣ ውሃውም ወደ ታች ነው። በመስኮቱ ውጪና በዚህ ድልድል ላይ ወደ ላይ ወደ እኔ ቤት።»

በግንቦት የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ መደብ እየኮተኮትኩ ነበር። ጥሩምባ ነፊው ስማቸውን ሲጠራ ሰማሁ። ላስፈቅድ ብሄድ እንግዳ ሊገባ ነው፣ ከምሳ በኋላ ሂጂ ተባልኩ። እንደገና እሺ አልኩ። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰው ተበትኗል፤ ልጃቸው ብቻ ከኩልመስክ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። መቃብሩ ቁልቁለት ላይ ነው። ከራስጌው ፈሰስ አላወጡለትም ነበር። እኔ ነኝ ስለ ፈሰስ የምናገር?

ክረምቱ ገባ። በሐምሌ ዝቅ ያሉት መደቦች ኩሬ ሆኑ፤ ዳሊያው ከወገቡ ተሰበረ፤ የጽጌረዳው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ለሥራ አስኪያጁ «የድሮውን ፈሰስ ልክፈተው?» ብዬ ብነግረው፣ «ቱቦው ስለጠበበ ነው» አለና በጎኑ ሌላ ቱቦ አስቀበረ። እሱም ቀጥ ብሎ ወደ ታች።

ያን ቀን እንግዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሰማዩ ከብልባላ በኩል ጠቁሮ መጥቶ ተዘረገፈ። መጀመሪያውን ነግሬያችኋለሁ። ቅጠሉን በእጄ እንደያዝኩ የጓዳውን ግድግዳ አየሁት። ከወገቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ መጥቷል። ጭቃውን በስንጥቁ እየተፋ ነው። እግሬ ወደ በሩ ሮጠ፤ ከፈትኩት። ከደጃፌ የነበረው መንገድ የለም፤ ቀይ ጎርፍ የጎረቤቴን የዶሮ ቆጥ ይዞ ይወርዳል።

በሩን ዘጋሁት።

«እማ፣ ምንድን ነው?» ትርንጎ አሁን አትስቅም።

«ነይ፣ ታዘዪ።»

«እግሬ እኮ…»

«ዝም በይና አንገቴን ያዢ።»

መስኮቱን በክርኔ ገፍቼ ከፈትኩ። እሷን አስቀድሜ በወገቧ ይዤ አወጣኋት፤ የታሰረው እግሯ ከመቃኑ ሲጋጭ ጮኸች። እኔ ተከትዬ ወደቅሁ። የአያ ካሳው ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ ይጋልባል። በልጄ መኝታ ጀርባ ግን አንድ ጠብታ አልተረፈም፤ ሁሉንም እየሰበሰበ ወስዶ ጓዳው ላይ ይጥለዋል፤ ልክ እንዳሉኝ። አዘልኳትና ድልድሉ ላይ ወጣሁ። ጥቂት እንደተራመድኩ ከኋላዬ የጓዳው ግድግዳ ሲናድ ሰማሁ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲነጠል ጮኸ። አልዞርኩም። ትርንጎ ግን ዞራ አይታ፣ «ቤታችን፣ እማ» አለች በጆሮዬ።

ድልድሉ አልከዳኝም። በልካቸው የረገጡት ነው። እኔም ልጅ አዝዬ ነበር፣ አልቸኮልኩም፤ ብቸኩል እወድቃለሁ። ዳገቱ ያቺን ያህል ነበር፣ ልክ ያቺን ያህል።

ቤታቸው ከላይ ነው፣ ከወይራው ሥር፣ ክብ የድንጋይ ቤት። ልጃቸው ዕቃውን ወስዳ በሩን በገመድ አስራው ሄዳለች። ገመዱ ረጥቦ አልፈታ ቢለኝ በጥርሴ ፈታሁት። ገብቼ ትርንጎን አወረድኳት፤ ከግድግዳው ያ ማዳበሪያቸው ተሰቅሎ ቀርቷል፤ አውርጄ አነጠፍኩላት።

«የማን ቤት ነው?» አለችኝ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«የአያ ካሳው።»

«አይቆጡንም?»

«ይቆጣሉ» አልኳት።

በበሩ ቆሜ ወደ ውጭ አየሁ። ውሃው ከላይ ከተራራው እየወረደ መጥቶ፣ ከቤቱ በስተጀርባ እሳቸው ከቆፈሩት ፈሰስ ሲደርስ ይዞርና ሰያፍ ወደ ፈፋው ይሄዳል። አይጮኽም፣ አይሮጥም። አያ ካሳው ዳር ቆመው ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ተመልሼ ተንበርክኬ ወለሉን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ጥግ ጥጉን፣ የግድግዳውን ሥር፣ ልጄ የተኛችበትን። አቧራ ነው።

ደርሰናል። ደረቅ ነው። እኔና ልጄ ድነናል።